ሹካ በባቡር፣ ፓስታ በከባድ መኪና፦ የባዕድ ምግብ በአዋሽ ሸለቆ

አንድ የጃፓን ራመን ቤት ተከፈተ ሲባል ጥያቄው የትም ቦታ አንድ ነው። ስንት ነው? በዚያ ሁለት እንጨት እንዴት ይበላል? ሾርባ ነው ወይስ ፓስታ? ደግሞስ ያጠግባል? አዲስ ጥያቄ ይመስላል እንጂ አይደለም። የአዋሽ ሸለቆ ሰው የባዕድ ገበታ በደጁ ሲዘረጋ ካየ መቶ ዓመት አልፎታል።

የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የሐዲዱ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ባቡሩ በሌሊት ስለማይጓዝ መንገዱ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ ተሳፋሪው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ ያድራል። ያደረ መንገደኛ ደግሞ መብላቱ አይቀርም። አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ፣ ከጣቢያው አጠገብ፣ ቡፌ ዳዋሽ የተባለው ማረፊያና ምግብ ቤት የቆመው ለዚህ ነው። ዛሬ ቡፌ ሲባል ሠርግና ሰልፍ ይታሰባል፤ ፈረንሳዮቹ ግን ቃሉን የሚሉት ለባቡር ጣቢያ ምግብ ቤት ነው። የአዲስ አበባው ቡፌ ደ ላ ጋርም ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው።

በቡፌ ዳዋሽ ማን ይበላ ነበር? ዲፕሎማቱ፣ ነጋዴው፣ መኳንንቱ፣ የኩባንያው ፈረንጅ። በ1930 ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ የመጡት የውጭ እንግዶች፣ የእንግሊዙ ንጉሥ ልጅ የግሎስተር መስፍን ጭምር፣ ወደ አዲስ አበባ የወጡት በዚሁ መስመር ነው። ቤቱ ብዙ ዘመን በግሪኮች እጅ ቆይቷል፤ ግሪኮች በዚያ የባቡር መስመር ላይ በሆቴልና በንግድ ሥራ የታወቁ ነበሩ።

መሬቱ ግን የአፋር ነው። ሐዲዱን የተሻገረውም ግመልና ፍየል የአፋር ነው። በአፋር ልማድ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ ዳጉ ይባባላሉ፤ ከየት ነው፣ ምን አየህ፣ ዝናቡ፣ ግጦሹ፣ ሰላሙ እንዴት ነው ተብሎ ወሬ ይለዋወጣሉ፤ ከዚያ ወተት ይቀርባል። ወተት ለእንግዳ የሚሰጥ ነገር ነው፤ ወተት መሸጥ እንደ ነውር ይታይ ነበር። ለማያውቁት መንገደኛ ምግብ አቅርቦ ዋጋ መቀበል ራሱ ለዚህ አገር ባዕድ ነገር ነበር ማለት ነው። ከሹካው በፊት ባዕድ የነበረው ሂሳቡ ነው። ስለ አገር ውስጥ ምግብ ቤት ታሪክ ሲወራ ይህ ነጥብ ሁልጊዜ ይዘለላል።

ጉዳዩ ከገበታም ያልፋል። በ1960ዎቹ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በተንዳሆ የእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ የጥጥ እርሻ ተስፋፋ፤ አፋሩ በበጋ ከብቱን የሚያሳርፍበት የወንዝ ዳር ግጦሽ ወደ እርሻ ዞረ። ከ1972 እስከ 1974 ድርቁ ሲመታ ከብቱ የሚሸሽበት ሣር አልነበረም፤ ረሃቡም በአፋር ላይ በረታ። በዚያው ወንዝ ዳር አንደኛው ገበታ ሲሰፋ ሌላኛው ጠበበ።

ሌላው የባዕድ ምግብ የመጣው ጸጥ ብሎ ነው፤ ነጭ የጠረጴዛ ጨርቅም አላስፈለገውም። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የአሰብን መንገድ ከደሴ በኩል በሚሌ አሻግረው ሠሩ። እነሱ ሄዱ፣ መንገዱ ቀረ፣ ከመንገዱም ጋር ፓስታ ቀረ። ሾፌርና ረዳት የሚፈልጉት ቶሎ የሚደርስ፣ በሙቀት የማይበላሽ፣ ሆድ የሚይዝ ምግብ ነው። ደረቅ ፓስታ በረሃ ላይ ወር ቢቀመጥ ምንም አይሆንም፤ ለእንጀራ ግን ጤፍ ከደጋ መምጣት፣ ሊጥም መቡካት አለበት። ሩዝም የተወደደው በዚሁ ምክንያት ነው። ከባሕር ማዶ ደግሞ የየመኑ ሐኒድ ደረሰ፤ ሥጋው ከአፋሩ ፍየል ጋር ስለተስማማ ዛሬ የአፋር ሐኒድ ነው የሚባለው።

በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ የአሰብ መንገድ ተዘጋ፤ ከባድ መኪናው ሁሉ ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዞረ። ሚሌና ሎጊያ ግን በዚያው መስመር ላይ ነበሩና ፓስታውና ሩዙ አልተቋረጡም። የክልሉ መቀመጫ ከአሳይታ ወደ ሰመራ ሲዛወር አዲሷ ከተማ ቢሮና ዩኒቨርሲቲ ይዛ ተነሳች፤ የምግቡን ነገር ግን ጎረቤቷ ሎጊያ አስቀድማ ጨርሳዋለች።

በባቡር የመጣውስ? የድሮው ባቡር በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል ከ2000ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ቆመ። በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር አዋሽ ላይ ማደር አያስፈልገውም። ለአዳሪ መንገደኛ የተሠራ ገበታ አዳሪው ሲቀር ምን ይቀረዋል? ትዝታና ፎቶ አንሺ ቱሪስት።

ወደ ራመኑ ስንመለስ፣ የራመን ታሪክ ከቡፌው ይልቅ ወደ ሎጊያ ያደላል። ወደ ጃፓን የገባው በዮኮሃማና በመሰል የወደብ ከተሞች በሰፈሩ ቻይናውያን ነው። በ1910 ቶኪዮ አሳኩሳ ውስጥ የተከፈተው ራይራይኬን ቻይናውያን ወጥ ሠሪዎች ቀጥሮ ለሠራተኛው ሕዝብ ያበላ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጃፓን ስትራብ የአሜሪካ ስንዴ ገባ፤ የመንገድ ዳር ጋሪዎች ራመን ቀቅለው የራበውን አበሉ። በ1958 ሞሞፉኩ አንዶ በፈላ ውኃ የሚደርሰውን ደረቅ ራመን ለገበያ አወጣ። ያኔ ከተራው ትኩስ ኑድል ይልቅ ውድ ነበር፤ የድሃ ምግብ የሆነው ኋላ ነው።

ዛሬ ራመን በትልልቅ የዓለም ከተሞች ዋጋው ከፍ ብሎ፣ መብራቱ ደብዘዝ ብሎ የሚቀርብ የሀብታም ገበታ ሆኗል። በዚህ መልኩ ወደ አዋሽ ቢመጣ የሚቀመጠው የቡፌ ዳዋሽ ወንበር ላይ ነው። የጋሪው ራመን የልጅ ልጅ ግን ቀድሞ ገብቷል፤ ኢንዶሚ ይባላል፤ በየሱቁ ከፓስታው ጎን ተደርድሯል፣ ተማሪው በማደሪያው ውኃ አፍልቶ በበርበሬ ይበላዋል።