የበይነ መረብ አገልግሎት ከሰርቨሩ በኩል፦ ፕሮግራሙን መማር፣ መፈተሽና ስሕተቱን ማረም

አንድ ተገልጋይ በስልኩ ወይም በኮምፒውተሩ የማመልከቻ ቅጽ ሞልቶ «ላክ» የሚለውን ሲጫን የሚታየው የሥራው ከፊል ገጽታ ብቻ ነው። ዋናው ተግባር የሚከናወነው ሰርቨር በሚባለው አገልጋይ ኮምፒውተር ላይ ሲሆን፣ በዚያ የተጫነው ፕሮግራም ጥያቄውን ይቀበላል፣ የተሞላውን መረጃ ይመረምራል፣ በመረጃ ቋት ይመዘግባል፣ ምላሽም ይሰጣል። ይህ ጽሑፍ ሙያውን ለመማር ለሚሹ እንዲሁም የላኩት ማመልከቻ በምን ምክንያት እንደሚሰናከል ለመረዳት ለሚፈልጉ ዜጎች የቀረበ ነው።

ትምህርቱን ስለመጀመር

ለሰርቨር በኩል ሥራ በስፋት ከሚያገለግሉት ቋንቋዎች መካከል ፒኤችፒ፣ ፓይተን፣ ጃቫ እና ጃቫስክሪፕት ይገኙበታል። ጀማሪዎች የትኛው እንደሚሻል በመከራከር ብዙ ጊዜ ያጠፋሉ፤ ይሁንና አንዱን መርጦ መዝለቅ ይበቃል። ይልቁንም ብራውዘርና ሰርቨር የሚነጋገሩበትን የኤችቲቲፒ ሥርዓትና የመረጃ ቋት አጠቃቀምን ጠንቅቆ ማወቅ ይቀድማል። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ የፕሮግራሚንግ መሠረታዊ ሥልጠናን በበይነ መረብ በነፃ ያቀርባል። ልምምዱ የግድ ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ ተማሪው በራሱ ኮምፒውተር ላይ ሰርቨር አስነሥቶ 127.0.0.1 በሚለው አድራሻ መሥራት ይችላል።

ፈተሻ

በብራውዘር ላይ የሚደረግ ቁጥጥር ለተገልጋዩ ምቾት የሚያገለግል እንጂ ዋስትና አይደለም። በቅጹ ላይ የተከለከለውን መረጃ ቅጹን ሳይጠቀሙ በቀጥታ ወደ ሰርቨሩ መላክ ስለሚቻል፣ ፕሮግራሙ የሚደርሰውን ሁሉ ራሱ መመርመር አለበት። ወደ መረጃ ቋት የሚላክ ትእዛዝም ከተገልጋዩ ከመጣው ጽሑፍ ጋር ሊቀጣጠል አይገባም፤ ትእዛዙና መረጃው ተለይተው ይላካሉ።

ከውጭ አገር የሚቀዱ የፈተሻ ምሳሌዎች የአገራችንን ሁኔታ አይሸፍኑም። ጳጉሜን በአራት ዓመት አንድ ጊዜ፣ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ፣ 6 ቀን ይኖራታል፤ 2011 እና 2015 ዓ.ም. እንዲህ ነበሩ። ዓመቱን በ12 ወር ብቻ የሚያውቅ ወይም ስድስተኛውን ቀን የማይቀበል ፕሮግራም በጳጉሜን 6 የተወለደን ሰው ከነአካቴው ይመልሰዋል። ሰውየው የሠራው ስሕተት የለም፤ ነገር ግን ቅጹ «የልደት ቀን የተሳሳተ ነው» ይለዋል፣ እርሱም የሌላ ቀን ለመጻፍ ይገደዳል። በኋላ ከልደት ምስክር ወረቀቱ ጋር አለመጣጣሙ ሌላ ጣጣ ያመጣል።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። ብዙ ሰርቨሮች የሚሠሩበት ዓለም አቀፍ ሰዓት ከአዲስ አበባ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ በመሆኑ፣ ልዩነቱን ያላሰላ ፕሮግራም ከእኩለ ሌሊት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት የቀረበን ማመልከቻ በትናንትናው ቀን ይመዘግበዋል። «3:00» ተብሎ ብቻ የተጻፈ ቀጠሮ ደግሞ ጠዋት ይሁን ሌሊት ወይም ከሰዓት በኋላ፣ እያንዳንዱ አንባቢ በልማዱ ይተረጉመዋል።

ስምን በተመለከተ፣ በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። 20 ባይት ብቻ የተመደበለት የስም ሣጥን «ገብረመድኅን»ን ሙሉ በሙሉ አይቀበልም፤ ሰባቱ ፊደላት 21 ባይት ናቸውና። «ፀሐይ» ተብሎ የተመዘገበ ስም «ጸሀይ» ተብሎ ሲፈለግ እንዲገኝ ፍለጋው ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት እንደ አንድ ሊቆጥር ይገባል። ሆኖም ባለቤቱ የጻፈው አጻጻፍ በመዝገቡ ላይ አይለወጥም።

ለፈተሻ የሚውለው መረጃ ፈጠራ መሆን አለበት። የእውነተኛ አመልካቾችን መዝገብ ወደ ልምምድ ኮምፒውተር መገልበጥ በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 ጥበቃ የተሰጠውን የግል መረጃ ለአደጋ ያጋልጣል። የሌላውን ሥርዓት ያለ ፈቃድ ሰብሮ መግባትም ለመማር ታስቦ ቢሆን እንኳ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስጠይቃል።

ስሕተትን ማረም

ሰርቨሩ የሚሰጠው ባለሦስት አኃዝ ቁጥር መነሻ ይሆናል። በ4 የሚጀምሩት ችግሩ ከተላከው ጥያቄ መሆኑን ያመለክታሉ፦ 403 ፈቃድ እንደሌለ፣ 404 የተጠየቀው ገጽ እንዳልተገኘ። በ5 የሚጀምሩት የሰርቨሩ ናቸው፤ 500 ፕሮግራሙ ውስጥ ያልተጠበቀ ስሕተት መከሰቱን፣ 503 አገልግሎቱ ለጊዜው አለመኖሩን፣ 504 ደግሞ ምላሽ በጊዜው አለመድረሱን ይገልጻል።

ባለሙያው ስሕተቱን በግምት ከማሳደድ ይልቅ ሰርቨሩ የሚይዘውን የክንውን መዝገብ ያነባል፣ ስሕተቱን በልምምድ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ እንዲከሰት ያደርጋል፣ ከዚያም በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጦ ውጤቱን ያያል። ከታረመም በኋላ ያንኑ ስሕተት የሚይዝ ፈተሻ ይጨምራል። የስሕተቱ ዝርዝር በመዝገቡ ይቀመጣል እንጂ በተገልጋዩ ገጽ ላይ አይወጣም፤ የይለፍ ቃልም በመዝገብ አይጻፍም።

ክፍያ ላይ የሚከሰት መቋረጥ የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። ምላሹ በመንገድ ቢቀርም ክፍያው ተፈጽሞ ሊሆን ስለሚችል፣ ለእያንዳንዱ ማመልከቻ ልዩ መለያ ቁጥር ተሰጥቶ ያው ቁጥር ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ሰርቨሩ ዳግም ማስከፈል የለበትም። ተገልጋዮችም ገጹ በመካከል ቢቆም እንደገና ከመክፈላቸው በፊት የሂሳብ መልእክታቸውን እንዲመለከቱ ይመከራል። ለሚመለከተው ክፍል ሲያመለክቱ የታየውን ቁጥር፣ ቀኑንና ሰዓቱን (ጠዋት ወይም ማታ መሆኑን ለይቶ)፣ እንዲሁም የማመልከቻውን መለያ ማስታወስ ባለሙያው ጉዳዩን ከመዝገቡ ለይቶ እንዲያገኝ ያስችላል። የይለፍ ቃልና በስልክ የሚላክ የማረጋገጫ ቁጥር ግን ለማንም አይሰጥም።