በሩን ያልከፈተው ሰው

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሾላ ገበያ ዙሪያ ያሉትን ቤቶች አንኳኩ እስቲ። ማን ይከፍትላችኋል? እናትየው በርበሬዋን ዘርግታ ገበያ ናት፣ አባትየው ጭነት ሊያራግፍ ወጥቷል። የምታገኙት ሠራተኛዋን ወይ አያትን ነው። ቤት የዋለውን ብቻ ጠይቆ የሚሄድ ሰው ስለ ሰፈሩ የሚያወራው ግማሽ እውነት ነው።

በ1997 ዓ.ም. ይሄ ጉዳይ የሞትና የሕይወት ነበር። የኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መታደል የጀመረው በዚያው ዓመት ሲሆን ለስንት ሰው መታሰብ እንዳለበት ግን ሁለት ቁጥር ነበረ። ለእርግዝና ክትትል ከሚመጡ እናቶች ደም ተነስቶ የተሠራው ግምት 3.5 በመቶ ይላል። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ቤት ለቤት የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ደግሞ 1.4 በመቶ አለ።

ማን ዋሸ? ማንም። ያኔ የባለሙያ ክትትል ያገኙ የነበሩት ነፍሰ ጡሮች 28 በመቶ ብቻ ናቸው፤ ክትትሉም ከገጠር ይልቅ ከተማ ውስጥ በእጅጉ የተሻለ ነበር። ቫይረሱም እዚያው ነበር፦ ከተማ 5.5፣ ገጠር 0.7 በመቶ። የክሊኒኩ ቁጥር ወደ ላይ ቢጎተት አይገርምም።

የቤት ለቤቱስ? ከአራት ወንዶች አንዱ ገደማ ሳይመረመር ቀረ፤ አንዳንዱ እምቢ ብሎ፣ አንዳንዱ ሳይገኝ። ምርጫ 97 ነው እንግዲህ። በዚያ ክረምት የማላውቀው ሰው መጥቶ «ጣትህን አምጣ» ቢለኝ፣ እኔ ራሴ በሩን መክፈቴን እጠራጠራለሁ።

ግን የቀረው ሰው መብዛቱ ብቻውን አያስፈርድም፤ ከተገኘው ምን ያህል ይለያል የሚለው ነው ቁም ነገሩ። እናስላው። ጥናቱ ለወንዶች 0.9 በመቶ ብሏል። ያልተመረመረው ሩብ ሦስት እጥፍ፣ ማለትም 2.7 በመቶ ቢይዝ፣ የወንዶቹ ቁጥር 1.35 ገደማ ይሆናል። ትልቅ ስህተት ነው፤ 3.5 ጋ ለመድረስ ግን ገና ብዙ ይቀረዋል። በ1999 ዓ.ም. ሁለቱን ምንጮች አዳምሮ የወጣው ይፋዊ ግምት 2.1 በመቶ ሆነ።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። በእነዚያ ዓመታት ቫይረሱ በደማቸው ያለ ብዙ ሰዎች ከየአገሩ ለጸበል ወደ እንጦጦ ማርያም ወጥተው፣ እዚያው ደሳሳ ቤት ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ጠያቂው የወላጆቻቸውን በር ቢያንኳኳ ስማቸው ከቤተሰቡ ዝርዝር ውስጥ አይነሳም። የት ናቸው ቢባል ደግሞ እናት «ሥራ ሄዶ ነው» ትላለች።