ኃይል ቆጣቢ የሞባይል ኔትወርክ ቶፖሎጂ፦ ምንነቱና ለተገልጋዩ ያለው ጠቀሜታ

ቶፖሎጂ ማለት የሞባይል ጣቢያዎች የት እንደሚተከሉ፣ እርስ በርስ እንዴት እንደሚገናኙና እያንዳንዳቸው በምን ያህል ኃይል እንደሚያሠራጩ የሚወሰንበት አደረጃጀት ነው። አደረጃጀቱ ኃይል ቆጣቢ ሲሆን መብራት በሚቋረጥበት ጊዜ አገልግሎቱ በመጠባበቂያ ባትሪ ለረዘመ ሰዓት ይቆያል።

የርቀትና የኃይል ግንኙነት

ገላጣ በሆነ ቦታ ርቀት በእጥፍ ሲጨምር የሚያስፈልገው የሥርጭት ኃይል 4 እጥፍ ይሆናል፤ ተራራ፣ ዛፍና ሕንፃ በሚበዛበት ግን እስከ 16 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ስለሆነም ረጅሙን ርቀት በመካከለኛ ጣቢያ መክፈል የሥርጭት ኃይልን ይቀንሳል። ሆኖም ጣቢያ ማንም ሳይደውልበትም ኃይል ስለሚወስድ፣ ቁጥሩን ማብዛት ብቻውን መፍትሔ አይሆንም።

በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ

ወልድያና የሀብሩ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው መርሳ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ይገኛሉ። ከመንገዱ በስተምዕራብ ተራራማ ደጋ፣ በስተምሥራቅ ወደ አፋር የሚወርድ ቆላ አለ። ለእንዲህ ያለው መልክዓ ምድር የሚከተሉት ዘዴዎች ተስማሚ ናቸው፦

• ተራርቀው ለሰፈሩ የገጠር ቀበሌዎች፣ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ርቀት በሚሸፍን ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ (ለምሳሌ 900 ሜጋኸርዝ) ማሠራጨት፤
• በከተሞች ጣቢያዎችን ማቀራረብና፣ ተጠቃሚ በሚቀንስበት ሌሊት ተጨማሪ ማሠራጫዎችን ማሳረፍ፤
• የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰበት ቦታ የፀሐይ ኃይልን ከባትሪ ጋር መጠቀም።

ማሠራጫ ሲያርፍ ሽፋኑን ሌላው መያዝ ይኖርበታል። እንዲሁም ጣቢያዎች ሁሉ በአንድ ማማ በኩል ብቻ ከተገናኙ፣ የእርሱ መቋረጥ ሌሎቹንም ያቋርጣል፤ በዚያ ሰዓት አምቡላንስ የሚጠራ ቤተሰብ ያለ አገልግሎት ይቀራል። ስለዚህ ኃይል ቁጠባው አማራጭ መስመርን ማስቀረት የለበትም።

ተገልጋዮች ሊያደርጉት የሚገባ

ከጣቢያ የራቀ ስልክ ኃይሉን ጨምሮ ስለሚያሠራጭ ባትሪው በቶሎ ያልቃል፤ የ2ጂ ስልክ በ900 ሜጋኸርዝ እስከ 2 ዋት ሊያሠራጭ ይችላል። ሲግናል በደከመበት ቦታ ዳታን መዝጋት፣ ለጥሪ ብቻ ሲሆን 2ጂን መምረጥ ባትሪ ይቆጥባል።

ተደጋጋሚ መቋረጥ ሲያጋጥም ቀበሌውን፣ ቀንና ሰዓቱን፣ በወቅቱ መብራት መኖር አለመኖሩን መዝግቦ ለአገልግሎት ሰጪው ማመልከት ይቻላል። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች በ994 ይደውላሉ። አጥጋቢ ምላሽ ያላገኘ ተገልጋይ አቤቱታውን በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ለተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ማቅረብ ይችላል።