ተሽከርካሪ በአደን መሬትና የዋላ ባሕርይ

ዋላ የት እንደሚውል፣ መቼ እንደሚግጥና ሰው ሲያይ ምን ያህል ርቆ እንደሚሸሽ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ፣ ተሽከርካሪ ወደሚኖርበት መሬት መግባት መቻሉ ነው። ጉዳዩ በስፋት የተጠናው በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ክፍል ነው። በዚያ ሰፋፊ የመንግሥት ደኖች ለአደን ክፍት ናቸው፤ ግንድ ለማጓጓዝ የተቀደዱ ጥርጊያ መንገዶችም ደኖቹን እንደ መረብ ያቋርጧቸዋል። ከ1970ዎቹ ወዲህ የተሠሩት ጥናቶች ሲጠቃለሉ ዋላው በአብዛኛው የሚፈራው ሞተሩን ራሱን ሳይሆን ሞተሩ ይዞት የሚመጣውን ሰው ነው። በመሆኑም የመንገዱ ርዝመት ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ በመንገዱ የሚያልፈው ማን እንደሆነ፣ በምን ወቅትና ስንት ጊዜ እንደሚያልፍም መታወቅ አለበት። በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ስያሜ

እዚህ «ዋላ» የተባለው በሳይንስ ሰርቪዴ ከሚባለው ቤተሰብ የሚመደብ እንስሳ ነው። በአብዛኞቹ የቤተሰቡ ዝርያዎች የወንዱ ቀንድ በየዓመቱ ወድቆ እንደገና ይበቅላል። ከሰሃራ በስተ ደቡብ ባለው አፍሪካ አገር በቀል ዋላ የለም። በአህጉሩ ያለው ብቸኛ አገር በቀል ዋላ በአልጄሪያና በቱኒዚያ የሚገኘው የባርባሪ ቀይ ዋላ ነው። በአማርኛ ፊልምና ዜና ላይ ዋላ ብዙ ጊዜ «አጋዘን» እየተባለ ይተረጎማል። የኢትዮጵያ አጋዘን ግን ቀንዱ ዕድሜ ልኩን የማይወድቅ፣ ከከብትና ከፍየል ወገን የሚቆጠር ሌላ እንስሳ ነው።

በጥናቶቹ በብዛት የሚነሱት ሦስት ዋላዎች ናቸው። ኤልክ ከሦስቱ ትልቁ ሲሆን በመንጋ ይኖራል፤ የደረሰ ወንድ ከ300 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ይችላል። ሚውል ዲር የምዕራቡ ተራራና ቁጥቋጦ ነዋሪ ነው፤ ስሙንም የበቅሎ ከሚመስሉት ትልልቅ ጆሮዎቹ አግኝቷል። ነጭ ጭራ ዋላ ደግሞ በምሥራቁና በደቡቡ ደኖችና በእርሻ ዳር የሚበዛው ነው፤ ሲሸሽ ጭራውን ቀጥ አድርጎ ያቆምና ከሥሩ ያለው ነጭ ፀጉር ከሩቅ ይታያል።

ዋላ ተሽከርካሪን የሚለይበት መንገድ

ዋላ ንቁ የሚሆነው በአብዛኛው ጎሕ ሲቀድና ሲመሻሽ ነው። ዓይኖቹ በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ስላሉ አካባቢውን ከሞላ ጎደል ዞሮ ያያል። ጆሮዎቹን ለየብቻ ማዞር ይችላል፤ አፍንጫው ደግሞ ሰውን ከሩቅ ይለያል። የሚያመሰኳ እንስሳ ስለሆነ በልቶ ሲጠግብ ተኝቶ የሚያመሰኳበት የተረጋጋ ጊዜ ያስፈልገዋል። ሰው ወይም መኪና በመጣ ቁጥር የሚነሣ ዋላ ከሁለት ወገን ይጎዳል፤ ለሩጫው ጉልበት ያወጣል፣ የሚበላበትና የሚያመሰኳበት ጊዜም ያጥርበታል። ጉዳቱ በክረምት ይብሳል። በረዶው ጥልቅና መኖው ጥቂት በመሆኑ እንስሳው በአብዛኛው የሚኖረው በበጋ ባከማቸው ስብ ነው።

ፒክአፕ መኪና በማያቋርጥ ፍጥነት በጥርጊያው ሲያልፍ በመንገድ ዳር የሚግጥ ዋላ ብዙ ጊዜ ራሱን ቀና ያደርጋል፣ ጆሮዎቹን ወደ ድምፁ ያዞራል፤ መኪናው ካለፈ በኋላ ወደ ግጦሹ ይመለሳል። ያው መኪና ፍጥነቱን ቀንሶ ሲቆም ነገሩ ይለወጣል። ዋላው መንጋጋውን ማንቀሳቀስ ያቆማል፣ የፊት እግሩን አንሥቶ መሬቱን ይመታል። የመኪናው በር ተከፍቶ ሰው ሲወርድ ደግሞ ጥሻ ውስጥ ይገባል። በኮሎራዶ በክረምት በሚውል ዲር ላይ ተሠርቶ በ1986 የታተመ ጥናት ይህንኑ ለክቶታል። ዋላዎቹ በእግር ከሚመጣ ሰው የሸሹት በበረዶ ሞተር ከሚያልፈው ይልቅ በብዛትና ለረዥም ጊዜ ነበር።

መላመድ የሚባለው ከዚህ የሚመጣ ነው። ሁልጊዜ በአንድ መስመር የሚያልፍ፣ የማይቆምና ጉዳት የማያደርስ ተሽከርካሪ ቀስ በቀስ የአካባቢው አካል ይሆናል። አደን በተከለከለባቸው ብሔራዊ ፓርኮች ዋላ ከአስፋልቱ ጥግ ቆሞ ሲግጥ መታየቱም ለዚህ ነው። በአደን መሬት ትምህርቱ ተቃራኒ ነው፤ መኪና በቆመ ቁጥር ጥይት ከተከተለ እንስሳው ገና የሞተሩን ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ መንቀሳቀስ ይጀምራል።

የስታርኪ የሙከራ ደን

በዚህ መስክ በጣም የሚታወቀው ሥራ የተሠራው በሰሜን ምሥራቅ ኦሪገን፣ በብሉ ተራሮች፣ ላ ግራንድ ከተባለችው ከተማ አጠገብ በሚገኘው የስታርኪ የሙከራ ደን ነው። ደኑ ለምርምር የተከለለው በ1940 ነው። በ1987 ቁመቱ 2.4 ሜትር ገደማ የሆነ፣ ኤልክ የማይዘለው አጥር ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚጠጋ መሬት ዙሪያ ተሠራ። ጥናቱን የፌዴራሉ የደን አገልግሎትና የኦሪገን የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት በጋራ ይመሩታል። በአጥሩ ውስጥ እንደ ማንኛውም የመንግሥት ደን ከብት ይሰማራል፣ ግንድ ይቆረጣል፣ አደን ይካሄዳል፣ መኪናም ይመላለሳል። ልዩነቱ ሁሉም መመዝገቡ ነው። በመንገዶቹ ላይ ተሽከርካሪ የሚቆጥሩ መሣሪያዎች አሉ፤ እንስሳቱም በአንገታቸው የራዲዮ ማሠሪያ ይዘው ይዘዋወራሉ።

በ2000 የታተመው ሥራ የ89 ሴት ኤልኮችን ከ100,000 በላይ የተመዘገቡ መገኛዎች መርምሯል። መረጃው የተሰበሰበው ከ1993 እስከ 1995 ባለው ጊዜ በጸደይና በበጋ ነበር። ውጤቱ ኤልኮቹ ለተሽከርካሪ ክፍት ከሆነ መንገድ በራቁ ቁጥር ቦታውን አብዝተው እንደሚመርጡት አሳይቷል። ጥናቱ የአቀማመጥን ነገርም አብሮ አንሥቷል። እኩል ርዝመት ያላቸው መንገዶች በአንድ ጥግ ቢከማቹ ሰፊ ጸጥተኛ መሬት ይተርፋል፤ በየቦታው ተበታትነው ቢቀደዱ ግን ከመንገድ የራቀ መሬት አይገኝም። በዚህ የተነሣ ተመራማሪዎቹ የመንገድን ድምር ርዝመት ብቻ ከመቁጠር ይልቅ ከመንገድ ያለውን ርቀት መለካት እንደሚሻል ደመደሙ።

ቀጥሎ የተደረገው ሙከራ ባለአራት ጎማ ሞተርን፣ የተራራ ብስክሌትን፣ የእግር ጉዞንና በፈረስ መጓዝን በተራ በተራ በተመሳሳይ ጥርጊያዎች ላይ አነጻጽሯል። ኤልኮች ከአራቱም ሸሽተዋል፤ እጅግ የራቁት ግን ከባለአራት ጎማው ሞተር ነው። ከተጓዦቹ ጋር የጠበቁት ርቀት በአማካይ ከ550 እስከ 880 ሜትር ገደማ ሲሆን ትልቁ የባለአራት ጎማ ሞተር፣ ትንሾቹ ደግሞ የእግረኛውና የፈረሰኛው ነበሩ። ባለሞተሩ በአንድ ቀን የሚሸፍነው መንገድ ረዥም ስለሆነ አንድ ሰው የሚበጠብጠው መሬትም የዚያኑ ያህል ይሰፋል።

በዚያው አጥር ውስጥ የሚኖሩት ሚውል ዲሮች ግን ለሙከራው ያሳዩት ለውጥ ጥቂት ነው። በሌላ የስታርኪ ጥናት እንዲያውም ሚውል ዲሮች ከኤልኮች ይልቅ ለመንገድ ቀርበው ተገኝተዋል። ሚውል ዲር ከትልቁ ኤልክ ይርቃል፣ ኤልክ ደግሞ ከመኪና ይርቃል፤ በመካከሉ የመንገዱ ዳር ለሚውል ዲሩ ይተርፈዋል። ሲደናገጥም ከመሮጥ ይልቅ ጥሻ ውስጥ ተደብቆ መቆየት ይቀናዋል። ስለዚህ አንድ ዝርያ ለመንገድ የሚሰጠው ምላሽ በሌላው ሊተረጎም አይችልም።

የመንገድና የትራፊክ ብዛት

ከስታርኪ በፊት የደን ባለሙያዎች ይመሩበት የነበረው ስሌት ከሞንታና የመጣ ነው። በ1983 የወጣው የጃክ ላዮን ሥራ፣ በ1 ካሬ ማይል መሬት ላይ 1 ማይል ክፍት መንገድ ሲኖር መሬቱ ለኤልክ የሚሰጠው ጥቅም በሩብ፣ 2 ማይል ሲኖር ደግሞ ቢያንስ በግማሽ እንደሚቀንስ ገምቷል። ከእሱ ቀደም ብሎ በ1979 በኮሎራዶ የወጣ ጥናት በመሬት ላይ የተገኘን ኩስ በመቁጠር፣ ሚውል ዲርና ኤልክ በተለይ ከመንገድ 200 ሜትር ድረስ ያለውን ቦታ እንደሚሸሹ አሳይቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ትኩረቱ ወደ ትራፊኩ ዞረ። በካናዳ፣ በደቡብ ምዕራብ አልበርታ የተሠራና በ2012 የታተመ ጥናት፣ በመንገድ ላይ በ2 ሰዓት ቢያንስ አንድ ተሽከርካሪ ማለፍ ሲጀምር ኤልኮች ራሳቸውን ቀና አድርገው የሚጠብቁበት ጊዜ እንደሚጨምር፣ የሚግጡበትም እንደሚቀንስ አረጋግጧል። የሰው ተጽዕኖ ከተፈጥሮ አዳኞቻቸው ተጽዕኖ በልጦ ተገኝቷል። በሰው ዓይን በ2 ሰዓት አንድ መኪና የሚያልፍበት መንገድ ጭር ያለ ነው፤ በኤልክ ዘንድ ግን የቀኑን ውሎ ለመለወጥ በቂ ነው።

በአደን ወቅት

አብዛኞቹ አዳኞች ከመኪናቸው ብዙ አይርቁም። ስለዚህ የአደን ጫናው የመንገዱን ካርታ ተከትሎ ይሰራጫል፣ ዋላውም ያንን ካርታ ይማራል። በፍሎሪዳ የኦሲዮላ ብሔራዊ ደን ነጭ ጭራ ዋላዎች በአደን ወቅት በቀን ብርሃን ከመንገድ ይርቁ ነበር። እንዲህ ያለው ዋላ ውሎው ጥሻ ይሆናል፤ ግጦሹን ለሌሊት ያሸጋግራል። ከመኪና ሳይወርድ የሚፈልግ አዳኝ «እንስሳው አልቋል» ብሎ ሲያማርር ዋላው ከመንገዱ ጥቂት መቶ ሜትር ገባ ብሎ ተኝቶ ሊሆን ይችላል።

ትምህርቱ በዕድሜ ይዳብራል። ተመራማሪዎች በአልበርታና በአካባቢው የተከታተሏቸው ሴት ኤልኮች ዕድሜያቸው በጨመረ ቁጥር በአደን ወቅት እንቅስቃሴያቸውን ይቀንሱ፣ ወደ ጥቅጥቅ ደንና ወጣ ገባ መሬት ያዘነብሉ ነበር። ከ10 ዓመት ያለፉት በአዳኝ እጅ የሚወድቁት ከስንት አንዴ ነው። ለዚህ ከመማር በተጨማሪ ምርጫም አስተዋጽኦ አለው። ደፋሩና ብዙ የሚዘዋወረው በወጣትነቱ ይገደላል፤ ጥንቁቁ ተርፎ ይወልዳል።

ወደ ግል መሬት መሸሽ

በሞንታናና በአጎራባች ግዛቶች የመንግሥት ደንና የግል የከብት እርባታ መሬት ጎን ለጎን ናቸው። አደኑ ሲከፈትና ጥርጊያው በመኪና ሲጨናነቅ ኤልኮች በመንጋ ሆነው አደን ወደማይፈቀድበት የግል መሬት ይወርዳሉ። ባለመሬቱ ለከብቱ ያከማቸው ድርቆሽ ይበላበታል፣ አጥሩም ይፈርሳል። የመንጋውን ቁጥር በአደን ለመቆጣጠር የሚሻው የግዛቱ መሥሪያ ቤትም ዕቅዱ ይከሽፍበታል። እዚህ ላይ ለአዳኝ እንዲመች የተከፈተው መንገድ አዳኙን ከእንስሳው ያራርቀዋል። ሞንታና በ1985 የጀመረችው ብሎክ ማኔጅመንት የተባለ መርሐ ግብር፣ ባለመሬቶች ከግዛቱ ጋር ተስማምተው መሬታቸውን ለሕዝብ አደን እንዲከፍቱ ያደርጋል፤ አንዳንዱ መሬት መኪና በር ላይ ቆሞ በእግር ብቻ የሚገባበት ነው።

ሕግና አስተዳደር

በአሜሪካ በ1964 የወጣው የዊልደርነስ ሕግ በተፈጥሯዊ ሁኔታቸው እንዲቆዩ በተከለሉ መሬቶች ሞተርን ከለከለ። ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን በ1972 ባወጡት ትዕዛዝ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ከመንገድ ውጭ የሚነዱ ተሽከርካሪዎች የት እንደሚፈቀዱና የት እንደሚከለከሉ እንዲወስኑ አዘዙ። ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በ1977 ትዕዛዙን አጠናከሩት። በ2005 የወጣው የደን አገልግሎት ደንብ እያንዳንዱ ብሔራዊ ደን ለሞተር የተፈቀዱትን መንገዶችና ጥርጊያዎች ለይቶ በካርታ እንዲያወጣ አስገደደ። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች ከተሽከርካሪ ላይ ሆኖ መተኮስ ወንጀል ነው፤ ለአካል ጉዳተኛ አዳኞች በፈቃድ የተለየ ሁኔታ የሚፈቅዱ ግዛቶች አሉ።

በመሬት ላይ የሚታየው እርምጃ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። በጥርጊያው መግቢያ የብረት በር ይተከላል፣ ግንድ ተጋድሞ ወይም አፈር ተቆልሎ መንገዱ ይዘጋል፣ ወይም እንስሳቱ የሚከርሙበት ቆላማ መሬት ለክረምቱ ወራት ከሞተር ነፃ ይደረጋል። በምዕራብ ኦሪገን ሩዝቬልት በሚባለው የኤልክ ዓይነት ላይ ተሠርቶ በ1997 የታተመ ጥናት፣ መንገዶች በበር ሲዘጉ ኤልኮቹ በቀን የሚጓዙት ርቀት እንደቀነሰ፣ በሕገ ወጥ አደን የሚገደሉትም እንዳነሱ አሳይቷል።

ውዝግቦች

የመንገድ መዘጋት ተቃዋሚዎች ብዙ ናቸው። ያረጁ አዳኞችና የአካል ጉዳት ያለባቸው ሰዎች ደኑ ለጎልማሳና ለጤነኛ ብቻ ቀረ ይላሉ። የአንድ ኤልክ ሥጋ ከ100 ኪሎ ግራም ሊበልጥ ስለሚችል ያለ ሞተር ማውጣት ከባድ ነው። የ2005ቱ ደንብም የታደነ ትልቅ እንስሳ ለማውጣት ከተወሰኑ መንገዶች የተወሰነ ርቀት ገባ ማለትን ሊፈቅድ ይችላል። ማገዶ ለቃሚው፣ ከብት አርቢውና እሳት አጥፊውም የየራሳቸው ጥያቄ አላቸው።

በሳይንሱ በኩል ያለው ጥንቃቄ ደግሞ ሌላ ነው። ጥናቶቹ በአብዛኛው የለኩት እንስሳው የት እንዳለና ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ ነው። ከመንገድ መራቁ ብቻውን ግልገሉ አነሰ ወይም መንጋው ሳሳ ማለት አይደለም። በአቅራቢያው ሌላ ጥሩ መኖና መሸሸጊያ ካለ ኪሳራው ትንሽ ነው፤ ከሌለ ግን ትልቅ ይሆናል።

ተነጻጻሪ ሁኔታ በኢትዮጵያ

የኢትዮጵያው የደጋ አጋዘን የዋላ ወገን ባይሆንም ለንጽጽር የሚበቃ ነው። በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከሻሸመኔ ወደ ጎባ የሚወስደው መንገድ የጋይሳይን ሜዳ ያቋርጣል። አደን በሌለበት በዚህ ሜዳና በዲንሾ አካባቢ አጋዘኖቹ ሰውንና መኪናን ለምደው በቅርብ ይታያሉ። በአርሲና በባሌ፣ እንደ ሙኔሳ ባሉ የቁጥጥር አደን ክልሎች ደግሞ ይኸው ዝርያ በፈቃድ ይታደናል።