ልጅ የሌለው ደን

«እመጓ»ን ካነበቡ ጓደኞቻችን መካከል ጥቂቶቹን «የደራሲው ሞያ ምን ይመስላችኋል?» ብለን ጠየቅናቸው። አንዷ «ዶክተር አይደሉ? ሐኪም ይመስሉኛል» አለችን። ሌላው «የታሪክ ሰው ናቸው» ብሎ ማኪያቶ አስያዘ። ማኪያቶውን ተበልቷል። ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ እሸቱ የደን ሥነ ምኅዳር ተመራማሪ ናቸው። ነገሩን ቀለል እናድርገውና የደን ሐኪም እንበላቸው። ልጅቷ ግማሽ ነጥብ ይገባታል።

«እመጓ»፣ «ዝጎራ» እና «መርበብት» በየመጽሐፍ አዟሪው እጅ ከመግባታቸው በፊት ሰውየው ምን ሲሠሩ ነበር? የዛሬው ወጋችን ስለዚያ ነው። ታሪኩ የሳቸው ብቻ አይደለም። የደንን ጤና የሚመረምር ሞያ በአገራችን እንዴት እንዳደገም ይነግረናል። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በኋላ እንዳንጣላ።)

መጀመሪያ ግን ኑዛዜ

ጋዜጠኝነት ስንማር ስለ አካባቢ ጥበቃ አንድ ጽሑፍ አቅርበን ነበር። መግቢያችን «ከመቶ ዓመት በፊት ከኢትዮጵያ መሬት 40 ከመቶው ደን ነበር፤ ዛሬ የቀረው 3 ከመቶ ብቻ ነው» ይላል። ምንጭ አልጠቀስንም። የጠየቀንም አልነበረም። እንዲያውም ጥሩ ማርክ አገኘንበት።

«ማን አለ? መቼ ተለካ? በምን ተለካ?» ብሎ መጠየቅ ሞያችሁ ነው እየተባልን ተምረን፣ ያንን ቁጥር ግን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላችን ደገምነው። አሜሪካዊው የታሪክ ተመራማሪ ጄምስ ማካን በ1997 ባሳተሙት ጥናት ይህን «40 ከመቶ» ተከታትለውታል። ያገኙት ነገር ቁጥሩ ከሰነድ ወደ ሰነድ ሲገለበጥ የኖረ እንጂ በጠንካራ ልኬት ላይ የቆመ አለመሆኑን ነው። ደን አልተጨፈጨፈም አላሉም። የደናችን ታሪክ በአንድ ቁልቁል በሚወርድ መስመር ተነግሮ አያልቅም ነው ያሉት።

ሌላው ማስረጃ የመጣው ከሰማይ ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ከአውሮፕላን ያነሷቸው ፎቶግራፎች አዲስ አበባ ውስጥ በካርታ ሥራዎች መሥሪያ ቤት አቧራ ለብሰው ኖረው፣ በ2010ዎቹ ተመራማሪዎች እጅ ገቡ። በ2017 የታተመ አንድ ጥናት የቤተ ክርስቲያን ደኖችን የዛሬ ምስል ከ1938ቱ ፎቶ ጋር አስተያየ። ደኖቹ በስፋታቸው ጸንተው ተገኙ። የተመናመነው በዙሪያቸው የነበረው ቁጥቋጦ ነው።

እንዴት ደስ ይላል! ታዲያ ደኖቹ ጤነኛ ናቸው ማለት ነው? እዚህ ላይ ነው የደን ሐኪም የሚያስፈልገው። ከሰማይ የሚታየው የትልልቆቹ ዛፎች አናት ብቻ ነው። ከሥር ምን እንዳለ የሚያውቀው ተንበርክኮ ያየ ሰው ነው።

አፈሩን የጠየቁት ሰው

ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። የኢትዮጵያና የስዊድን የደን ትምህርት ትስስር የቆየ ነው። ወንዶ ገነት የሚገኘው የደን ትምህርት ቤት በ1970ዎቹ መጨረሻ ሲቋቋም የስዊድን ድጋፍ ነበረበት። በ1990ዎቹ ደግሞ ደመል ተከታይ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከስዊድን የግብርና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ዲግሪ የሚያበቃ ጥናት ሲሠሩ አንድ ቀላል የሚመስል ጥያቄ ያዙ። ደን ሲቆረጥ አፈሩ ውስጥ ምን ዘር ይቀራል?

ብዙዎቻችን «መሬቱን ብቻ ተዉት፣ ደኑ ራሱ ይመለሳል» እንላለን። አፈርን የዘር ባንክ አድርገን ነው የምናስበው። ደመል ከደጋ ደኖች አፈር እየወሰዱ፣ ውሃ እያጠጡ፣ ከውስጡ የሚበቅለውን እየለቀሙ ቆጠሩ። ዘሩስ ሞልቷል። ግን አብዛኛው የሣርና የትንንሽ ቅጠላ ቅጠል ዘር ነው። እንደ ዝግባ ያለው ዛፍ ዘሩ አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ አይጠብቅም። ወይ ቶሎ ይበቅላል፣ ወይ ይበላል፣ ወይ ይበሰብሳል። የዚህ ዓይነቱ ዛፍ ቁጠባው እናት ዛፍ ጥላ ሥር ቆመው ተራቸውን የሚጠብቁት ቡቃያዎች ናቸው። ጥናቱ በ1996 ተጠናቀቀ።

ይህ ማለት የደን ጤና ጥያቄ ከትልልቆቹ ዛፎች ወደ ትንንሾቹ ዞረ ማለት ነው። «ስንት ዛፍ አለ?» ከማለት ይልቅ «ስንት ሕፃን አለ?» መባል ጀመረ።

28 አብያተ ክርስቲያናት

ዶ/ር ዓለማየሁ የተከተሉት ይህንኑ ጥያቄ ነው። በ2002 ለዚያው ለስዊድን የግብርና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የማስተርስ ጥናት፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አብያተ ክርስቲያናት በደን ጥበቃ ስላላቸው ሚና፣ ደቡብ ጎንደርን ይዞ የተሠራ ነበር። በ2007 ሆላንድ አገር ከሚገኘው የዋኼኒንገን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ያገኙትም በዚሁ በቤተ ክርስቲያን ደን ላይ ነው።

እርሻና ግጦሽ በከበባቸው 28 የደቡብ ጎንደር ደኖች ውስጥ 168 ዓይነት ዛፍና ቁጥቋጦ ተመዘገበ። ከነዚህ ውስጥ 160ዎቹ አገር በቀል ናቸው። ከደኖቹ ትንሹ ሁለት ሄክታር እንኳ አይሞላም። በዘመናዊ ሕግና በዘበኛ አይደለም እዚህ የደረሱት። ቅጥሩ የተቀደሰ ስለሆነ፣ ዛፉም የቤተ ክርስቲያኑ ግርማ ስለሆነ፣ መጥረቢያ ይፈራቸዋል።

መጥረቢያ ይፈራል፤ ላም ግን አትፈራም። ከብቱ ለጥላና ለሣር ብሎ ቅጥሩ ውስጥ ይገባል። ማንም እንደ ጥፋት አይቆጥረውም፤ ዛፍ አልተቆረጠማ! ዓለማየሁና ባልደረቦቻቸው፣ ደመል ተከታይም ካሉበት፣ በ2009 ባሳተሙት ጥናት ከደኑ ውስጥ ከፊሉን ቦታ ከከብት አጠሩ፣ ከፊሉን እንደነበረ ክፍት ተዉትና ቡቃያዎቹን ተከታተሉ። በታጠረው ቦታ ቡቃያዎቹ በዝተው ተገኙ፤ በሕይወት የሚቆዩትም፣ የሚያድጉትም የተሻሉ ሆኑ። ባልታጠረው ደግሞ ተበሉ፣ ተረገጡ።

የሰው ሐኪም ቢሆን «የሕፃናት ሞት» ይለው ነበር። አያቶቹ በክብር ቆመዋል፤ የልጅ ልጅ ግን የለም። እንዲህ ያለ ደን አንድም ዛፍ ሳይቆረጥበት ይሞታል። ጊዜ ስለሚወስድበት ብቻ ሞቱ ለዓይን አይታይም።

መድኃኒቱ ድንጋይ ሆነ

ዶ/ር ዓለማየሁ ይህን ሥራቸውን በአንድ ዓለም አቀፍ የሳይንስ ጉባኤ ላይ ሲያቀርቡ፣ የዛፎችን አናት በማጥናት የሚታወቁት አሜሪካዊት ማርጋሬት ላውማን ሰሟቸው። ሁለቱ ተባበሩ። ካህናቱን ሰብስበው ደኖቻቸውን ከሳተላይት በተነሳ ምስል አሳዩአቸው። በዚያ ሁሉ ቢጫ እርሻ መካከል ጠብታ የምታህል አረንጓዴ! ካህናቱ የራሳቸውን ደን ከላይ ሲያዩት ያ ለብዙዎቹ የመጀመሪያቸው ነበር።

ከውይይቱ የወጣው መፍትሔ የድንጋይ ካብ ነው። ድንጋዩ የሚለቀመው ከገበሬው ማሳ ነው። ገበሬው ለማረሻው እንቅፋት የሆነበትን ድንጋይ ይገላገላል፣ ደኑ ደግሞ ከብት ይገላገላል። ከውጭ የተገኘው ገንዘብ አግዟል፤ ካቡን ያቆሙት ግን ካህናቱና ምእመናኑ ናቸው።

ይህን ታሪክ ስናገላብጥ አንድ ነገር ከነከነን። ለዘመናት ደኑን ያቆየው የካህናቱ ጥበቃ ነው፤ ያለሱ ሳይንሱ የሚያጠናው ነገር ባልነበረ። ጥበቃው ግን ቡቃያውን አላየለትም። ሳይንሱም ቡቃያውን አየ እንጂ ብቻውን አንድ ድንጋይ አላነሳም። ማን ከማን ተማረ ብንባል መልስ የለንም።

እኛስ?

ክረምት በመጣ ቁጥር ችግኝ ይዘን ፎቶ እንነሳለን። ቁጥሩም ይነገራል። የተተከለው ነው የሚቆጠረው፤ የጸደቀውን ለማየት ተመልሰን የምንሄድ ስንቶቻችን ነን? «40 ከመቶ»ን ሳይጠይቅ የጻፈ ሰው ይህንንም አለመጠየቁ አይገርምም።

ስለዚህ ባለፈው እሑድ ሦስት ሆነን አምና የተከልንበት ቦታ ሄድን። የተከልነው 12 ነበር። ተንበርክከን፣ ሣሩን እየገለጥን ፈለግን። ሁለት አገኘን። የአንዷን ጫፍ ፍየል ቀምሶታል፤ ሌላዋ ደህና ናት፣ ቁመቷም ስንዝር አልፏል። ሁለቱም አጥር የላቸውም።

ቅዳሜ ጠዋት እንመለሳለን። እሾህ መቁረጫ ያለው ይዞ ይምጣ።