የዓመት ፈቃድ፣ የትምህርት ዘመንና የቤተሰብ ዕረፍት

በአዲስ አበባ አራዳ ክፍለ ከተማ፣ በተለይም በፒያሳና አካባቢዋ፣ መሥሪያ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና ሱቆች ጎን ለጎን ይገኛሉ። ይሁንና በእነዚህ ተቋማት የሚውሉ የአንድ ቤተሰብ አባላት አብረው የሚያርፉበት ጊዜ በሦስት የተለያዩ የጊዜ ሰሌዳዎች ይወሰናል። እነርሱም የመንግሥት የበጀት ዓመት፣ የትምህርት ዘመንና የንግዱ ሥራ ወቅት ናቸው።

የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999 እና በእርሱ ምትክ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 20 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ደንግገዋል። በየተጨማሪው ዓመት አንድ የሥራ ቀን እየታከለ ጣሪያው 30 የሥራ ቀናት እንዲሆንም አድርገዋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በበኩሉ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀናት፣ ለየሁለቱ ተጨማሪ ዓመታት ደግሞ አንድ የሥራ ቀን ይፈቅዳል።

ለአብነት፣ ባል በፌዴራል መሥሪያ ቤት ስድስት ዓመት ያገለገለ፣ ሚስት በፒያሳ ወርቅ ቤት አምስት ዓመት የሠራች ቢሆኑ፣ በእነዚህ አዋጆች ስሌት የእርሱ ፈቃድ 25፣ የእርሷ 18 የሥራ ቀናት ይሆናል። ቀናቱ ጥቂት የሚባሉ አይደሉም። ችግሩ ልጆቹ ከትምህርት ነጻ ከሚሆኑበት ወቅት ጋር ማጣጣሙ ላይ ነው።

የትምህርት ዘመኑ ከመስከረም እስከ ሰኔ ይዘልቃል። በሁለቱ መንፈቀ ዓመታት መካከል ያለው አጭር ዕረፍት ከጥምቀት በኋላ ካለው የሠርግ ወቅት ጋር ስለሚቀራረብ ለወርቅ ቤት ሠራተኛ አይመችም። ሰኔ ለተማሪው የፈተና፣ ለመሥሪያ ቤቱ የበጀት መዝጊያ ወር ነው። ሐምሌ 1 ቀን አዲሱ የበጀት ዓመት ሲጀመር ደግሞ የዓመቱ ሪፖርትና የዕቅድ ሥራ ይከተላል።

የቀሩት የሐምሌ መጨረሻና የነሐሴ ሳምንታት የዝናብ ወቅት ናቸው። በገጠር ጥርጊያ መንገዱ ይጨቀያል፤ ገበሬውም በአረም ሥራ ላይ ነው። ለመስቀል ወደ ጉራጌ የሚጓዝ ቤተሰብም ቢሆን በዓሉ መስከረም 17 ቀን፣ ትምህርት በተጀመረ ማግስት ስለሚውል፣ ልጆቹን ከክፍል ማስቀረት ወይም ትቷቸው መሄድ ግድ ይሆንበታል።

የተጠቀሱት የመንግሥት ሠራተኞች አዋጆች የፈቃድ ፕሮግራም የመሥሪያ ቤቱን ዕቅድና በተቻለ መጠን የሠራተኛውን ፍላጎት መሠረት አድርጎ እንዲዘጋጅ ደንግገዋል። ስለዚህ የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍሎች ፕሮግራሙን በሐምሌ መጀመሪያ ሲያወጡ፣ ለትምህርት የደረሱ ልጆች ላሏቸው ሠራተኞች ነሐሴንና ጳጉሜን በተራ ቢመድቡ፣ ሥራ ሳይጓደል የወላጆችን ችግር ማቃለል ይቻላል። በግል ድርጅቶችም ሠራተኛው ሲጠይቅና አሠሪው ሲስማማ ፈቃዱን በሁለት ከፍሎ መውሰድን ሕጉ ይፈቅዳል።

የፈቃድ ቀናት በመዝገብ ላይ ለጊዜው ሊተላለፉ ይችላሉ። የልጅነት ዕድሜ ግን ወደሚቀጥለው የበጀት ዓመት አይተላለፍም።