የመሶቡ ባለቤት ማን ናት?
(ስለ ጎጃም ደጋ ቤትና ጌጡ)

የጎጃምን ታሪክ ጻፉ ብንባል ከየት እንደምንጀምር ሁላችንም እናውቀዋለን። በ1845 ዓ.ም. ደጃዝማች ተድላ ጓሉ መንቆረርን ቆረቆሩ፤ በ1873 ዓ.ም. ራስ አዳል «ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት» ተብለው ዘውድ ጫኑ፤ የማርቆስን ቤተ ክርስቲያን አሠሩና መንቆረር ደብረ ማርቆስ ተባለ፤ ልጃቸው ራስ ኃይሉ በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ጋር አውሮፓን ዞረው መጡ፤ በ1924 ዓ.ም. በልጅ ኢያሱ ማምለጥ ሰበብ ከሹመታቸው ተሻሩ፤ በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ገባ፣ በ1933 ዓ.ም. ወጣ። ይኼን ለፈተና ሸምድደነዋል።

ታዲያ እነዚህ ሁሉ ሹማምንት ሲሾሙና ሲሻሩ የደጋው ገበሬ ቤት ውስጡ ምን ይመስል ነበር? ግድግዳውን ማን መረገው? ማን ለቀለቀው? በምሰሶው ላይ ምን ተሰቀለ? «ይሄ ደግሞ ታሪክ ሊባል!» የሚል ጓደኛ እንደማይጠፋ እናውቃለን። እኛ ግን ታሪክ ነው እንላለን። የአብዛኛው ሰው ዕድሜ ያለቀው በግብር አዳራሽ ሳይሆን በነዚያ ግድግዳዎች መካከል ነው። በእቴጌ እሌኒ ስም በሚጠራው በመርጡለ ማርያም ፍርስራሽ ድንጋዩ ላይ የተፈለፈለው ሐረግና አበባ እስከ ዛሬ ይታያል፤ ፈረንጁም ያገሩም ሰው ቆሞ ያደንቀዋል። በዚያው ዘመን በአካባቢው ጎጆዎች ውስጥ የነበረው ጌጥ ግን አንዱም የለም። ጭቃና ሣር ስለሆነ ዝናብና ጢስ በልቶታል። ስላልነበረ አይደለም።

ከጭቃው እንጀምር። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ከተማ ነው፤ ጮቄ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። እንዲህ ባለ አገር ግድግዳ ጌጥ ከመሆኑ በፊት የብርድ መከላከያ ነው። ወንዶቹ በደቦ እንጨቱን ያቆማሉ፣ ይማግራሉ፣ ጣራውን ይከድናሉ። ጭቃው አፈር፣ ውሃና የጤፍ ጭድ ነው። በእግር ይረገጣል፣ ለቀናት ይተዋል፣ እንደገና ይረገጣል፤ ጭዱ በስብሶ ጭቃው እንደ ሊጥ ሲቦካ ነው ለምርጊት የሚደርሰው። ያልቦካ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይረግፋል፤ የቸኮለ ሰው ግድግዳው ያሳብቅበታል። ከመጀመሪያው ምርጊት በኋላ ያለው ሥራ የሴቶች ነው። ስንጥቁን በቀጭን ጭቃ ይደፍናሉ፤ ከዚያ እበትና የተነፋ አፈር ቀላቅለው ይለቀልቃሉ። ነጭ አፈር በሚገኝበት ሠፈር ደግሞ እሱን በውሃ በጥብጠው በጨርቅ ወይም በመዳፍ ይቀቡታል። ብሩሹ እጅ ነው። መዳፍ የሄደበት መንገድ ሲደርቅ ቅስት ቅስት ሆኖ ይቀራል፤ ጀንበር በበሩ ገብታ ስትመታው ያን ጊዜ ነው የሚታየው። ይኼ ሁሉ ክረምት በወጣ ቁጥር ለዓውዳመት ይታደሳል። እንግዲህ አስቡት፤ ሥዕሏን በየዓመቱ አጥፍታ በየዓመቱ የምትሥል ሠዓሊ!

እዚህ ላይ ስለ መደብ ሳናነሳ ብናልፍ ተማሪ አንባልም። (ጭቃውን መደብ ማለታችን ነው፤ አትደንግጡ።) ግድግዳውን ተደግፎ የሚሠራው መቀመጫም መኝታም የሆነው መደብ ከግድግዳው ጋር አብሮ ይመረጋል፣ አብሮ ይለቀለቃል። ሆኖም ሌላኛውም መደብ ከዚሁ አይርቅም፤ ለባለማዕርጉ እንግዳ አጎዛ ይነጠፍለታል፣ ለተራው ሰው ባዶው ጭቃ ይበቃዋል። ከመደቡ ወዲያ ጎታው አለ። ጎታ ከጭቃ፣ ከጭድና ከእበት እየተለወሰ ቀለበት በቀለበት የሚሠራ የእህል ማስቀመጫ ነው፤ አንዱ ዙር ሳይደርቅ ሌላው አይደረብበትም። ይኼንንም የሚሠሩት ሴቶች ናቸው።

ጌጥ ሁሉ ግን የሚሠራው ለመቆየት አይደለም። በጎዛምንና በአካባቢው ልጃገረዶች አዲስ ዓመት ሲቃረብ እንግጫ ይነቅላሉ፤ እንግጫውን ከአደይ አበባ ጋር ይጎነጉኑታል። ለወላጅ ራስ ይታሰራል፣ ከቤቱ ምሰሶም ይታሰራል። ከመሬቱ ላይ ቄጠማ ይጎዘጎዛል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ይደርቃል። አንድም ሳንቲም ያልወጣበት ይኼ ጉንጉን በዚያ በጨለማው ጎጆ ውስጥ የሚያመጣውን ለውጥ ያየ ሰው «ድሃ ቤት ጌጥ የለውም» ብሎ አይከራከርም።

አሁን ወደ ስፌቱ። እንደ እኛ ሐሳብ የጎጃም ቤት ዋና ጌጥ ይሄ ነው። አክርማና ስንደዶ ሣር ናቸው፤ አንዱ እምብርት ሆኖ ይጠቀለላል፣ ሌላው እየተሰነጠቀ በላዩ ይጠመጠምበታል፣ ወስፌ መንገዱን ይከፍታል። ቀለም የተነከረው አለላ ይባላል። ከአንድ ነጥብ ተጀምሮ እየዞረ እየሰፋ ይሄዳል። ሰፌዱ፣ ሌማቱ፣ ሙዳዩ፣ አገልግሉ፣ በመጨረሻም መሶቡ። ሥራ የማይሠራበት ዕለት ግድግዳው ላይ ይሰቀላል፤ ዕቃው ራሱ ሥዕል ነው ማለት ነው።

እስቲ ስለ ሒሳቡ እናስብ። ዙሩ በሰፋ ቁጥር የጥምጥሙ ቁጥር ይጨምራል። ሦስት ማዕዘኑ ወይም መስቀሉ መሶቡን ዞሮ ሲመጣ ከመነሻው ጋር በትክክል መግጠም አለበት፤ አንድ ጥምጥም ከበዛ ወይም ከጎደለ ቅርጹ ይሰበራል። ይኼን የሚያሰሉት በወረቀት አይደለም። ወስፌዋን ይዛ፣ ከጎረቤት እያወራች፣ ድስቱን በዓይኗ እየጠበቀች ነው የምታሰላው። እኛ ፊደል ስለቆጠርን «የተማረ» ተባልን፤ እሷን በመዝገብ ላይ «ማይም» ብለን ጻፍናት። የክብ ዙሪያን ቀመር በክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ ስንገለብጥ ያንን ቀመር በእጃቸው የሚያውቁ ሰዎች ምሳችንን ቋጥረው የላኩን ሰዎች ነበሩ።

ግን ደግሞ ነገሩን አናሳምረው። ስፌትና ፈትል የጨዋ ሴት ሙያ ነበሩ፤ የባላባት ሚስትም ብትሰፋ አታፍርም፣ እንዲያውም «ባለሙያ» ትባልበታለች። በመሶቡ ላይ የሚቀርበውን ወጥ የያዘውን ሸክላ የሠራችው ሴት ግን «ቡዳ» ትባል ነበር። ነጩን ጥጥ የፈተለችው ትከበራለች፣ ያንኑ ፈትል የሸመነው ይናቃል። ምጣዱንና ጀበናውን ከገበያ ገዝቶ ከጓዳው ያስገባ ሰው ሠሪዋን ከደጃፉ አያሳልፋትም። አንድ ምድጃ ዙሪያ ካሉት ዕቃዎች ግማሹ በክብር እጅ፣ ግማሹ በተዋረደ እጅ የተሠራ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪውም ሸማኔውም በእጅ ሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ ማስነገራቸው የንቀቱን ስፋት ይመሰክራል፤ የሌለ ስድብ በአዋጅ አይከለከልም። አዋጁ ተነገረ እንጂ ስድቡ አልቆመም። ስለ ቤት ጌጥ ሲወራ መሶቡ ብቻ ተነስቶ ሸክላው የሚዘለለው ለምን እንደሆነ ከዚህ ይገባናል።

ከተማው ሌላ መንገድ ሄደ። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የተስፋፋው ባሕር ዛፍ ቀጥ ያለ እንጨት ሰጠ፣ ቆርቆሮም መጣ፤ ቆርቆሮ ክብ ቤት አይወድም። ስለዚህ ቤቱ ባለ አራት ማዕዘን ሆነ። ይኼ ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ። ክብ ግድግዳ ላይ ፎቶግራፍ ቢሰቅሉት ይንጋደዳል፤ ሜዳ ግድግዳ ግን «ለጥፉብኝ» ይላል። ተለጠፈበትም። አዲስ ዘመን በ1933 ዓ.ም. መታተም ከጀመረ ወዲህ ተነቦ ያለቀው ጋዜጣ በዱቄት ሙጫ የጭቃ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ ገባ፤ አቧራ ይከላከላል፣ ብርሃን ይሰጣል፣ ጌጥም ይሆናል። የለጠፈው ሰው ፊደል ካልቆጠረ ገጹ ተዘቅዝቆ ይለጠፋል፤ እና ልጁ አንገቱን አዙሮ ማንበብ ይማራል! ከላይ የአቡጀዲ ኮርኒስ ይወጠራል። ከደጃፉ የለስላሳ ቆርኪ በጣውላ ላይ ተመቶ የጫማ ጭቃ ማራገፊያ ይሆናል። ሴት ልጆች ደግሞ ኪሮሽ ይዘው ዳንቴል ይሠራሉ፤ ጠረጴዛው፣ ሬዲዮኑ፣ የወንበሩ መደገፊያ ሁሉ ዳንቴል ይለብሳል። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከታወጀ በኋላ ፊደል የቆጠሩ እናቶች ብዙ ናቸው፤ በትራስ ልብስ ጥልፍ ላይ «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚል ቃል ስናይ ከሐረጉና ከወፉ ጎን ፊደልም ጌጥ መሆኑን እንረዳለን።

በ1978 ዓ.ም. ግድም የመንደር ምሥረታው ዘመቻ ጎጃምንም ሲነካ ቤት እየተነቀለ ወደ ተሰለፈ መንደር ተጓዘ። እንጨትና ቆርቆሮ ይነቀላል፣ በትከሻ ይሄዳል። ምርጊት ግን አይነቀልም። መደብም እንዲሁ። ጎታ ቢያነሱት ይፈርሳል። በቁጥር የተመዘገበው የተሠራው ቤት እንጂ የፈረሰው ጎታ አይደለም። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ወደ ቀድሞ ቦታው የተመለሰ ሰው ሁሉ ግድግዳውን ከመጀመሪያው፣ ከጭቃ ማቡካት መጀመር ነበረበት።

የዛሬውን ስናይ፣ ስንደዶና አክርማ የሚበቅሉበት ግጦሽና የማሳ ዳር እየታረሰ ጠቧል። ስፌቱ ግን አልቆመም። የማዳበሪያ ጆንያ እየተተረተረ ክሩ በስንደዶ ቦታ ይገባል፤ የገበያ ክርም እንደ አለላ ይጠመጠማል። ቀለሙ ዓይን ይወጋል፣ እንጀራውም እንደ ሣሩ መሶብ አይተነፍስበትም ብለው የሚያማርሩ አሉ፤ እኛም በዚህ እንስማማለን። ይሁን እንጂ ቀረብ ብላችሁ ዙሩን ብትቆጥሩት ሦስት ማዕዘኑ ያው ነው፤ ዞሮ ሲመጣም ከመነሻው ጋር ይገጥማል።